ተመላልሶ የሚታከም ደዌ፤ ስለ ሱስ አካሚዎች ሥራና ስለ ቤተ ሰብ ድርሻ

በአገራችን ጠጅና ጠላ የክብር ቦታ አላቸው። ሙሽራ ሲዳር፥ ማኅበር ሲጠጣ፥ እንግዳ ከሩቅ አገር ሲመጣ፥ ብርሌውና ዋንጫው ሳይቀርብ የደስታው ሥርዓት የተፈጸመ አይመስልም። ጫትም በምሥራቁ ክፍል ከጥንት ጀምሮ የሽማግሌዎች መወያያና ሌሊቱን በጸሎት ለሚያነጉ ሰዎች የእንቅልፍ መከላከያ ኾኖ ኖሯል። ስለዚህ የአባቶችን የግብዣ ወግ ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንናገረው አገልጋይ የነበረው ነገር ጌታ ስለ ኾነበት ሰው፥ ስለዚያም ሰው ቤተ ሰብ፥ ይልቁንም ያንን ሰው በየቀኑ ተቀብለው በትዕግሥት ስለሚያክሙት ባለሙያዎች ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ስንተርት እንኖራለን። ነገር ግን ተረቱን በሥራ የምናውለው ለሌላው ሕመም ነው። ዓይኑን ወይም ሳንባውን የታመመ ሰው በቀን ብርሃን ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ የመጠጥ ደዌ የያዘው ግን፥ በተለይም ስምና ማዕረግ ያለው ሲኾን፥ ጨለማን ተገን ያደርጋል። ቤተ ሰቡም ስሙ እንዳይጐድፍ ብሎ አብሮት ይደብቃል። ለመሥሪያ ቤቱ «ጉንፋን ይዞታል» ተብሎ ይላካል፤ ለጎረቤት «ደም ብዛት አለበት» ተብሎ ይነገራል። እንዲህ እየተደባበቀ ዓመቱ ያልፋል፤ ደዌው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይጸናል።

በአዲስ አበባ የልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዓሏ ግንቦት 1 ቀን ከሚከበረው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚሁ ስም በሚጠራው ክፍለ ከተማ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ ባለጉዳይ ኹሉ የሚያውቀው የልደታ ፍርድ ቤትም በዚያው ነው። እንግዲህ ጧት ጧት ወደ ልደታ ከሚጎርፈው ሕዝብ አንዱ የክስ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ዳኛ ሲሄድ፥ ሌላው ካርዱን ይዞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ካርድ ከያዙት መካከል አንዳንዱ በገዛ ራሱ ላይ የፈረደ ሰው ነው፤ ወደ ሐኪም የሚመጣውም ያ ፍርድ ይግባኝ ይኖረው እንደ ኾነ ለመጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሱስ ሕመምተኛ ኹሉ በሆስፒታል ዐልጋ ይዞ መተኛት አያስፈልገውም። የሚበዛው ከቤቱ እየተመላለሰ ሊታከም ይችላል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ የሚቀበለውም ሰው ብዙ ጊዜ የዶክተር ማዕረግ ያለው ሐኪም አይደለም። በመጀመሪያ በነርስነት ወይም በጤና መኮንንነት ተምሮ ሕመምተኛን ሲረዳ የቈየ፥ ከዚያም በአእምሮ ሕክምና የማስትሬት ትምህርት የፈጸመ ባለሙያ ነው። ሕመሙን ይመረምራል፤ በተፈቀደለት መጠን መድኃኒት ያዝዛል፤ በምክር ያክማል፤ ከዐቅሙ በላይ የኾነውን ወደ ስፔሻሊስት ሐኪም ያስተላልፋል። ሕመምተኛው ወንድ ሲያይ «ዶክተር» ይላል፥ ሴት ሲያይ «ሲስተር» ይላል፤ ከኹለቱ ማዕረግ መካከል ለቆመው ለዚህ ሙያ ሕዝባችን ገና የጥሪ ስም አላወጣለትም።

ይህ ዐይነት ባለሙያ በአገራችን ድንገት የበቀለ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፥ ሐኪም በማይደርስበት ስፍራ ከሐኪም ቀጥሎ የሚያክም የተማረ ሰው ይኑር የሚለው ሐሳብ ሥር ያዘ። የአእምሮ ሕመም ሸክም ግን ለብዙ ዘመን በአንድ ቤት ላይ ወድቆ ነበር፤ ይኸውም በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተውና በመርካቶ አቅራቢያ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። በ1979 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በካናዳ ካለው ከቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ጋራ ተባብሮ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም በጅማና በጎንደር ዩኒቨርስቲዎች በአእምሮ ሕክምና የማስትሬት ትምህርት ተከፈተ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ፕሮግራም የመጠጥና የሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ሱስ ስፔሻሊስት ባልኾኑ የጤና ሠራተኞች ጭምር ሊታከም እንደሚገባው አስታወቀ። እንግዲህ ሱስ የጠባይ ብልሹነት ብቻ ሳይኾን ሕክምና ያለው ደዌ መኾኑ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

የሥራውን ጠባይ ለማስረዳት አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። እንዲህ ያለው ሰው በብዙ ቤት ስለሚገኝ ስም አንሰጠውም። ዕድሜው 48 ዓመት፥ ሥራው የመዝገብ ቤት ሹምነት፥ የ3 ልጆች አባት ነው እንበል። 15 ዓመት ያህል ማታ ማታ ከወዳጆቹ ጋራ ሲጠጣ ኖሯል። ካለፉት 2 ዓመታት ወዲህ ግን ጧት እጁ እየተንቀጠቀጠ ፊርማውን መጻፍ ስላቃተው፥ ከቤቱ ሳይወጣ አንድ መለኪያ አረቄ ይጎነጫል፤ ያን ጊዜ እጁ ይጸናለታል። ባለቤቱ ጠርሙሱ ከመጽሐፉ ሣጥን በስተ ኋላ እንዳለ ታውቃለች፤ ልጆቹም ያውቃሉ። በቤቱ ውስጥ የማያውቅ መስሎ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሰው አንድ ቀን ወንድሙ አግባብቶት ወደ ሕክምናው ክፍል ይመጣል። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጥና «እኔ እንኳ ሰካራም አይደለሁም፤ የመጣሁት እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ነው» ይላል። ባለሙያዋ አትከራከረውም። «ጌታዬ፥ እንቅልፍ የከዳዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ከዚያው ከእንቅልፉ ትጀምራለች። ከእንቅልፍ ወደ ምግብ፥ ከምግብ ወደ ሥራ፥ ከሥራ ወደ መጠጥ እየተሻገረች ታስናግረዋለች። ቀጥላም በፈረንጆች 1984 ዓ.ም. ጆን ዩዊንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያሳወቃቸውን 4 አጫጭር ጥያቄዎች ታቀርብለታለች። ጥያቄዎቹ ለማንም ቤት የሚጠቅሙ ስለ ኾኑ አሳባቸውን እዚህ እንጽፋለን።

1ኛ፤ መጠጤን መቀነስ ይገባኛል ብለው ያሰቡበት ጊዜ አለን? 2ኛ፤ ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲናገሩዎት ይቈጣሉን? 3ኛ፤ ስለ መጠጣትዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃልን? 4ኛ፤ ጧት እንደ ነቁ ሰውነትዎን ለማጽናት ጠጥተው ያውቃሉን? ከ4ቱ ለ2ቱ «አዎን» ብሎ የመለሰ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። የኛ ሹም 3ቱን በጸጥታ ካመነ በኋላ 4ኛው ሲደርስ እጁን ከጠረጴዛው በታች ይሰውራል። ባለሙያዋም መልሱን ከእጁ ታነባለች።

ከዚህ በኋላ የደም ግፊቱንና የልብ ትርታውን ትለካለች፤ ዓይኑ ቢጫ ኾኖ እንደ ኾነ ትመለከታለች፤ ጉበቱን ትዳስሳለች። ከኹሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ግን «ከዚህ በፊት መጠጥ አቋርጠው በነበረ ጊዜ አንቀጥቅጦ የጣለዎት፥ ወይም የሌለ ነገር ያሳየዎት ሕመም ነበርን?» ብላ ነው። የዚህን ጥያቄ ምክንያት ቤተ ሰብ ኹሉ ሊያውቀው ይገባል። አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲቀሩ ብንለምን፥ የምንለምነው የሚቀጥለውን ነው።

በብዙ ቤት ዘመዶች ከተመካከሩ በኋላ ጠጪውን በአንድ ክፍል ቈልፈውበት «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አይቀምስም» ይላሉ። አሳባቸው ፍቅር ነው፤ ሥራቸው ግን ሊገድለው ይችላል። ብዙ ዘመን በብዛት የጠጣ ሰው አእምሮ በበቅሎ ላይ ግራና ቀኝ ከተጫነ ጭነት ጋራ ይመሳሰላል። መጠጡ በአንድ ወገን አእምሮን እያደነዘዘ ሲከብድበት፥ አእምሮም ሚዛኑን ለመጠበቅ በሌላው ወገን ራሱን የሚያነቃቃ ክብደት ይጨምራል። ያንዱ ወገን ጭነት ባንድ ጊዜ ሲቈረጥ ሌላው ያጋድልና ኹሉም ይገለበጣል። ከመጨረሻው ጽዋ በኋላ ከ6 ሰዓት ያህል ጀምሮ መንቀጥቀጥ፥ ላብና የልብ መምታት ይመጣል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊደርስ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ በአንዳንዱ ላይ ከኹሉ የሚከፋው ይመጣል፤ ትኵሳት ያቃጥለዋል፥ ቀንና ሌሊቱን አይለይም፥ በግድግዳው ላይ ተባይና አውሬ ያያል። ዘመዶቹም «ጋኔን ያዘው» ብለው በገመድ ያስሩታል። ይህ ሕመም በጊዜው ካልታከመ ነፍስ ያጠፋል።

ስለዚህ ባለሙያዋ ሹሙን «ዛሬውኑ ያቁሙ» ብላ ብቻዋን ቃል አትሰድም። ቀድሞ የመንዘፍዘፍ ሕመም ያገኘው፥ ሌላ ከባድ በሽታ ያለበት፥ ያረጀ፥ ነፍሰ ጡር የኾነች፥ ወይም በቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሲኾን፥ በሆስፒታል እንዲተኛ ታደርጋለች። ይህ ኹሉ ከሌለ ከቤቱ እየተመላለሰ መዳን ይችላል። ዳያዜፓም የተባለውን መድኃኒት በመጀመሪያ ከፍ አድርጋ፥ ከዚያ በየቀኑ እየቀነሰች፥ በአንድ ሳምንት ገደማ ታስጨርሰዋለች። ይህ መድኃኒት ራሱ ሱስ ሊኾን ስለሚችል፥ የጥቂት ቀን ብቻ ቈጥራ ለወንድሙ እንጂ ለሕመምተኛው አትሰጥም። ቲያሚን የሚባለውን ቪታሚንም ትጨምርለታለች፤ ለረዥም ጊዜ እየጠጣ ምግብ የተወ ሰው ይህ ቪታሚን ሲያልቅበት ዓይኑ ይንቀዋለላል፥ አረማመዱ ይበላሻል፥ በመጨረሻም የማስታወስ ኀይሉ ይጠፋል። እንዲህ ላለው ሰው የስኳር ግሉኮስ በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊት ቲያሚኑ እንዲቀድም ያስፈልጋል።

የጫት ነገር ከዚህ ይለያል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ይህም በፈረንጆች 1975 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የምርመራ ቤት ተለይቶ ታወቀ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ስለሚደክም፥ ነጋዴዎች በኮባ ጠቅልለው በፍጥነት ይሰዱታል። ጫትን ማቋረጥ እንደ መጠጥ አይገድልም፤ ነገር ግን ድካም፥ የመንፈስ መጨለም፥ ሐራራና ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ ለጥቂት ጊዜ ይጸናሉ። ለዚህ የተለየ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ሕክምናው ምክር፥ እንቅልፍ፥ ምግብና የጊዜ አጠቃቀም ነው። ባለሙያዎች እጅግ የሚጠነቀቁት ጨብሲ የሚባለውን ልማድ ነው። ቀን በጫት የነቃውን ሰውነት ማታ በመጠጥ ለማብረድ ሲሞከር አንዱ ሱስ ኹለት ይኾናል፤ ሰውዬውም ጠጪ መኾኑን ሳያውቅ ጠጪ ኾኖ ይገኛል።

ሰውነቱ ከመጠጥ ከጠራ በኋላ ዋናው ሥራ ገና ይጀመራል፤ ይህም የንግግር ሥራ ነው። በኛ ልማድ ጠጪን የሚያርመው ተግሣጽ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ይገሥጸዋል፤ እሱም ይምላል፤ በሦስተኛው ቀን መሐላው ይፈርሳል። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች 1983 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ገልጿል። ሰውን አጥብቀን «ተው» ባልነው መጠን እሱ «አልተውም» የሚልበትን ምክንያት ይፈልጋል፤ ሲከራከርም የገዛ ክርክሩን እየሰማ ይጸናበታል። ስለዚህ አካሚው መጠጥን የመተው ምክንያት ከሕመምተኛው አፍ እንዲወጣ ይጠይቃል እንጂ ራሱ አይሰብክም።

ባለሙያዋ «ከመጠጡ የሚያገኙት ጥቅም ምንድን ነው?» ትለዋለች። ሹሙ ይህን ጥያቄ ከማንም ሰምቶ ስለማያውቅ ይደነግጣል። «የቀኑን ሐሳብ ያስረሳኛል» ይላል። «የሚያስከፍለዎትስ?» ስትለው ዝም ይላል። ቈይቶም «ትንሿ ልጄ ድሮ ከደጅ ድረስ ሮጣ ትቀበለኝ ነበር። አኹን የበሩን ድምፅ ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች» ይላል። ባለሙያዋ በዚህ ላይ ምንም አትጨምርም። «ይህ እንዴት እንዲኾንልዎ ይወዳሉ?» ብቻ ትላለች። ብዙ ሽማግሌ ከሰበከው ስብከት ይልቅ ይህች የራሱ ቃል ታሠራዋለች።

መድኃኒትን በስውር የመስጠት ነገርም አለ። በፈረንጆች 1948 ዓ.ም. የዴንማርክ ሊቃውንት ዳይሰልፊራም የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ሳለ መጠጥ የቀመሰ ሰው ፊቱ እንደሚቀላ፥ እንደሚያስታውከውና ልቡ እንደሚመታ አስታወቁ። መድኃኒቱ ዐውቆና ፈቅዶ ለሚወስደው፥ ሐኪምም ለሚከታተለው ሰው ይረዳል። ነገር ግን ዘመድ ከወጥ ወይም ከቡና ጋራ ቀላቅሎ ሳያሳውቅ ቢሰጠውና ሰውዬው በላዩ ቢጠጣ፥ የደም ግፊቱ ወርዶ ልቡ ሊደክም ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ከሞት እንኳ ቢተርፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚስቱን ማዕድ አያምንም፤ እምነት በሌለበት ቤት ደግሞ ሕክምና አይጸናም።

ወደ ጠበል መሄድስ? ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ሃይማኖቱ ለሕመምተኛው ብርታት የሚሰጥ ስለ ኾነ አስተዋይ አካሚ ይህን አይነቅፍም። የሚለምነው ኹለት ነገር ብቻ ነው፤ ከብዙ መጠጥ ድንገት ያቋረጠ ሰው እነዚያን አደገኛ 4 ቀኖች ያለ ሐኪም ዓይን እንዳያሳልፍ፥ የታዘዘለትንም መድኃኒት እንዳይተው ነው። ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

አኹን ደግሞ ሰው ስለማያየው ስለ አካሚው ድካም ጥቂት እንበል። እጅ የተሰበረበትን ያከመ ሐኪም አጥንቱ ሲገጥም አይቶ ይደሰታል። የሱስ አካሚ ግን ዛሬ ደኅና ያለውን ሰው ከ3 ወር በኋላ ወድቆ ያገኘዋል። ቀጠሮ የሰጠው ሳይመጣ ይቀራል፤ አንዳንዱም ዳግመኛ አይመጣም። በሰው ዘንድ «የሰካራም ሐኪም» ተብሎ ሙያው ይናቃል። ቢኾንም ሙያውን በሚገባ የተማረ ሰው መውደቅን የሕክምናው ፍጻሜ አድርጎ አይቈጥርም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ ዳግመኛ ቢጨምር «አሳፈርኸኝ» አይባልም፤ መድኃኒቱ ይመረመራል፥ ኑሮው ይጠየቃል። የሱስ ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። ባለሙያዋ የወደቀውን ሰው ስትቀበል «ለምን ጠጡ?» ሳይኾን «ከመጠጣትዎ በፊት የነበረው ሰዓት እንዴት ነበር?» ብላ ትጠይቀዋለች። ደመወዝ የተቀበለበት ቀን እንደ ነበረ፥ ከለቅሶ ቤት እንደ ተመለሰ፥ ወይም ከአለቃው ጋራ እንደ ተጋጨ ይታወቃል። ለሚመጣው ጊዜ መከላከያው ከዚያ ይቀዳል።

ለቤተ ሰብ የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ከሰከረ ሰው ጋራ ማታ አትከራከሩ፤ ነገሩን ጧት ጽዋው ሳይደርስበት በቀስታ ንገሩት። ስለ እሱ አትዋሹ፤ ነገር ግን በአደባባይ አታዋርዱት። በልጆች ፊት አትስደቡት፤ ልጆቹም የአባታቸው መታመም የእነሱ ጥፋት እንዳልኾነ ንገሯቸው። ቤት የሚመታና የሚያስፈራራ ሲኾን ግን ትዕግሥት ብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ የእናትና የልጆች ደኅንነት ይቀድማል። ከኹሉ በላይ በድንገት እንዲያቋርጥ አታስገድዱት፤ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ቤት ኺዱ እንጂ።

ለመሥሪያ ቤት አለቆችና ለታላላቅ ሰዎችም አንድ ቃል አለን። የመንግሥት ሕግ ድርሻውን ጀምሯል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፥ የመጠጥንም ማስታወቂያ ወስኗል። ሕግ ግን ከመጠጡ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ወደ ሐኪም ቤት አያደርስም። አንድ አለቃ የበታቹን ሠራተኛ ለሳንባ ሕመም ፈቃድ እንደሚሰጠው ኹሉ ለዚህም ሕክምና የጧት ፈቃድ ቢሰጠው፥ ምሥጢሩንም ቢጠብቅለት፥ የሠለጠነ ሰው ለመንግሥት ያተርፋል። በግብዣ ላይም «አልጠጣም» ያለውን ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ውሃ ወይም ብርዝ ማቅረብ ከጨዋ አስተናጋጅ የሚጠበቅ ነው። ይህን የመሰለ ትንሽ ጨዋነት የአንድ ሰው የ6 ወር ድካም እንዳይፈርስ ይጠብቃል።

በሐሳባችን ያቆምነው ሹም በ7ኛው ወር ከአንድ ሠርግ ሲመለስ ወደቀ እንበል። በቀድሞው ልማድ ቢኾን ኖሮ አፍሮ ይሰወር ነበር። አኹን ግን በማግሥቱ ጧት ወደ ልደታ ወርዶ፥ ካርዱን አውጥቶ፥ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። ባለሙያዋ ስሙን ጠርታ ታስገባዋለች፤ የሚነግራትን ትሰማለች፤ በመጨረሻም በካርዱ ላይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ትጽፍለታለች። እሱም መቀበሉን በፊርማው ያረጋግጣል። እጁ በዚያ ቀን ጥቂት ቢንቀጠቀጥም ፊርማው ይነበባል።